የአፍንጫ ጎማዬን አክሰልና ኩሽኔታ ልቀይር ወይስ ባለበት ላስተካክል? (አርቪ-7ኤ)

ጠያቂ፦ የዳላሱ

ሰላም ለሁላችሁ። አርቪ-7ኤ አለችኝ፤ ቫንስ የሚባለው ኩባንያ ክፍሎቿን የሚሸጥ፣ ሰው ራሱ የሚገጣጥማት ትንሽ አውሮፕላን ናት። የሠራኋት እኔ አይደለሁም። አንድ ጡረተኛ ጋራዡ ውስጥ ዓመታት ፈጅቶ ገጣጠማት፣ እኔ ገዛኋት። አፍንጫዋ ላይ ያለችው ጎማ ያቺ ትንሿ፣ መጠኗ 11 በ4.00-5 የሆነችው ናት።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ካረፍኩ በኋላ ፍጥነቴ እየቀነሰ ሲመጣ አፍንጫዋ ትንቀጠቀጣለች። ንቅናቄው ወለሉ ድረስ ይሰማኛል። ቅዳሜ ዕለት አፍንጫዋን ከመሬት አንስቼ ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩት። ግማሽ ዙር ሄዶ ቀጥ አለ። ፈታሁት። ግራሶው ጠቁሯል። በኩሽኔታውና ጎማውን ከግራና ከቀኝ በያዘው ሹካ መካከል የሚገቡት ሁለቱ የአሉሚኒየም ቀለበቶች ጫፋቸው ተፍቆ ያብለጨልጫል። የሹካው የውስጥ ገጽም ክብ ጭረት አውጥቷል።

ጥፋቱ የራሴ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ዓመት ጎማ ስቀይር ቡሎኑን ያጠበቅኩት በግምት ነው። አሁን ቀለበቶቹን ብቻ ቀይሬ ልመልሰው? ወይስ ሰው የሚያወራለትን ወፍራሙን አክሰል ከነኩሽኔታው ልግዛ? ገንዘቡ አያሳስበኝም ማለቴ አይደለም፣ ግን ሁለት ጊዜ መፍታት አልፈልግም።

አሮጌ መካኒክ

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። «ተፍቆ ያብለጨልጫል» ነው ያልከው።

የኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት መቆም አለበት። የውጩ ከቸርኬው ጋር ይዞራል። በመሃል ሮለሮቹ ይሽከረከራሉ። ያንተ ግን የውስጡም አብሮ ሲዞር ከርሟል። ስለዚህ የኩሽኔታውን ሥራ የሠሩልህ አሉሚኒየሞቹ ናቸው። አሉሚኒየም ደግሞ ኩሽኔታ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በድሮው አሠራር አንድ ረጅም ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ቡሎን ሁለት ሥራ ይዟል። አንደኛ ሹካውን ከግራና ከቀኝ ይጨምቃል። ሁለተኛ የኩሽኔታውን ጥብቀት ይወስናል። የዚህ ቡሎን መደበኛ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ከ160 እስከ 190 ኢንች-ፓውንድ ነው። ያንን ያህል ብትሰጠው ኩሽኔታው ይታነቃል። ኩሽኔታው እንዲዞር ብለህ ብታላላው የአሉሚኒየም ቀለበቶቹ ይዞራሉ። ልክ የሚሆንባት ነጥብ በጣም ጠባብ ናት። ባለሙያም ይሳሳታል፣ አንተ ብቻ አይደለህም።

አዲሱ አክሰል እነዚህን ሁለት ሥራዎች ነው የሚለያየው። ወፍራሙ ዘንግ ራሱ ሹካው ውስጥ በሙሉ ቶርክ ይታሰራል። የኩሽኔታው ጥብቀት ዘንጉ ላይ ባለ ለብቻው ዳዶ ይስተካከላል። አንዱ ሌላውን አይነካውም። እኔ ብሆን እሱን ነው የማስገባው።

ሲያትል

ጋሽ መካኒክ ያሉት ልክ ነው፣ ግን የዳላሱ የጠየቀው ስለ መንቀጥቀጥ ነው። አዲስ አክሰል ገዝተህ መንቀጥቀጡ ባይጠፋ እንዳታዝን።

የዚህች አውሮፕላን አፍንጫ ጎማ በመሪ አይታዘዝም። እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ በራሱ ነው የሚዞረው፣ አንተ የምትመራው በግራና በቀኝ ፍሬን ነው። ሹካው እንዳይወዛወዝ የሚይዘው እላይ ባለው ዳዶ ሥር ያሉት ሾጣጣ ሮንዴላዎች ፍትጊያ ነው። ያ ከላላ ጎማው ይወዛወዛል፣ ኩሽኔታው አዲስ ቢሆንም።

መለኪያው ቀላል ነው። አፍንጫዋን አንሳ። የሻንጣ ሚዛን አክሰሉ ላይ አስረህ ወደ ጎን ሳብ። ሹካው መዞር የሚጀምረው 22 ፓውንድ አካባቢ፣ ማለት 10 ኪሎ ገደማ ላይ መሆን አለበት። አዲስ ሲሆን ቶሎ ይላላል፣ ብዙ ሰው ግን አንዴ አስተካክሎ ይረሳዋል። የጎማውን ንፋስና ሚዛንም እይ። ቫልቩ ያለበት ጎን ከከበደ ትንሽ ጎማ ላይ በደንብ ይሰማል።

የቦሌ ልጅ

እኔ የምሠራው ትላልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ነው፣ ትንሿን ነክቼ አላውቅም። ግን ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ያው ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ነው።

እኛ ጋ ዳዶው አንዴ ጠብቆ አይተውም። መጀመሪያ ጎማው እየዞረ በኃይል ይጠብቃል። ይህ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ከዚያ ይላላል። ከዚያ እንደገና ጎማው እየዞረ፣ በዝቅተኛው የመጨረሻ ቶርክ ይጠብቃል። ቁጥሩ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ይለያያል፣ ስለዚህ የኔን ቁጥር አልሰጥህም፣ የአምራቹን ተከተል። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለል። ጎማው ቆሞ ያጠበቅከው ኩሽኔታ ለጊዜው ልክ ይመስላል፣ ሁለት ማረፊያ በኋላ ይላላል።

ቶርኖ ቤት

እኔ ደግሞ በነፃ የሚሆን ሐሳብ አለኝ። በሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች መካከል የሚገባ የብረት ቱቦ አስቆርጥ። ርዝመቱ ልክ ከሆነ ቡሎኑን በሙሉ ቶርክ ብታጠብቀውም ጭነቱ በቱቦው ያልፋል፣ ኩሽኔታው አይታነቅም። ድሮውን ቡሎንህን ታቆያለህ። እኔ እንደዚህ ነው ያደረግኩት።

አሮጌ መካኒክ

ይሠራል። ግን «ልክ ከሆነ» የምትለዋ ቃል ብዙ ትሸከማለች። የኢንች ሁለት ወይም ሦስት ሺኛ ነው ልዩነቱ። ቱቦው ትንሽ ቢያጥር ኩሽኔታው ይታነቃል፣ ትንሽ ቢረዝም ጎማው ይንገዋለላል። አንተ ቶርኖው ቤትህ ነው፣ ደጋግመህ ትልጋለህ። የዳላሱ ኩሽኔታ በቀየረ ቁጥር ማን ይልግለታል?

ቶርኖ ቤት

እሺ ጋሼ፣ ይሄን አልክድም። አምስት ጊዜ ነው የላግኩት።

ሜሪላንድ

ሌላ ምርጫ አለ፣ እንዳይረሳ። ሾጣጣውን ጥለህ የተዘጋ የኳስ ኩሽኔታ ያለው አክሰል። እኔ ሴስናዬን ሸጬ ወደ አርቪ ስመጣ ያስገባሁት እሱን ነው። ግራሶ የለም፣ ማስተካከያ የለም፣ ጎማው በጣት ይዞራል። የሚባለው ስጋት የጎን ጭነት ነው፤ ሾጣጣ ሮለር ከኳስ የተሻለ የጎን ጭነት ይችላል። አፍንጫ ጎማ ላይ ግን በትክክል ካረፍክ የጎን ጭነቱ ያን ያህል አይደለም። በትክክል ካረፍክ ነው ያልኩት፣ እህት ወንድሞቼ።

አሮጌ መካኒክ

እኔ ከሾጣጣው አልወጣም። ፈትቼ አጥቤ አይቼ የምመልሰው ነገር ይሻለኛል። የተዘጋው ሲያልቅ ነው የሚነግርህ። ግን የሜሪላንድን ምርጫም ሰው ሁሉ እያመሰገነው ነው፣ ክርክር አላነሳም።

የዳላሱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ የሻንጣ ሚዛኑን አሰርኩ። ሹካው በ14 ፓውንድ ነው የዞረው! ስለዚህ ሲያትልም ጋሽ መካኒክም ልክ ናቸው። ሁለት በሽታ ነበረብኝ።

ሦስት ጥያቄ። አንደኛ፣ ከስር የነበረው ግራሶ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ በላዩ ኤሮሼል 22 ነው የጨመርኩት። ሁለተኛ፣ የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት ከቸርኬው እንዴት ነው የማወጣው? ሦስተኛ፣ ሠሪዋ ስላልሆንኩ ይህን ራሴ መሥራት ይፈቀድልኛል?

አሮጌ መካኒክ

ግራሶው፦ ኤሮሼል 22 በሸክላ የወፈረ ነው። ሌሎች፣ ለምሳሌ ሞቢል ኤስኤችሲ 100፣ በሊቲየም ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሊቀጥኑ ወይም ሊደርቁ ይችላሉ። ሁሉንም እስከ ብረቱ እጠብ። አዲስ ኩሽኔታ ከገዛህ ደግሞ ጥያቄው አለቀ፣ ከአንድ ዓይነት ጀምር፣ የጥገና መዝገቡ ላይ ስሙን ጻፍ።

የውጭ ቀለበቱ፦ አትቀጥቅጥ። መጀመሪያ ቸርኬውን ሁለት ላይ የሚከፍሉትን ቡሎኖች ከመንካትህ በፊት የጎማውን ንፋስ ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ ቫልቩን ራሱን ንቀል። ንፋስ ያለበት ቸርኬ ሲከፈት ሰው ይገድላል። ይህ ቀልድ የለውም። ከዚያ የቸርኬውን ግማሽ ምድጃ ውስጥ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቀው፣ ከ120 አታሳልፈው። አሉሚኒየሙ ይሰፋል፣ ቀለበቱ በእንጨት ገፋ ብታደርገው ይወጣል። አዲሱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረህ ትኩስ ቸርኬ ውስጥ ጣለው። ያለ መዶሻ ይገባል። የውስጡንና የውጩን ሁልጊዜ አብረህ ቀይር፣ አሮጌ ከአዲስ አታጋባ።

ሜሪላንድ

ቸርኬውን በእንጀራው ምጣድ ሳይሆን በጋራዥ ምድጃ አሙቀው። ባለቤቴ የዳቦ ምድጃዋ ውስጥ ያገኘችውን ነገር እስከዛሬ ታነሳዋለች።

ሲያትል

ሦስተኛው፦ ይፈቀድልሃል። አሜሪካ ውስጥ በግል የተሠራ የሙከራ አውሮፕላን ላይ ማንም ሰው ጥገና መሥራት ይችላል። የማትችለው የየ12 ወሩን ምርመራ መፈረም ነው። ያንን የሚፈርመው ተገቢው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ሰርተፊኬት ያለው ሰው ነው፣ ለምሳሌ የሠሪነት የጥገና ሰርተፊኬት ያለው ሠሪው ወይም ፈቃድ ያለው መካኒክ። ሥራውን መዝገብህ ላይ ጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሹካህ አሮጌው ነው አዲሱ? እ.ኤ.አ. በ2007 ቫንስ ለ6ኤ፣ ለ7ኤ፣ ለ8ኤና ለ9ኤ የአገልግሎት ማስታወቂያ አውጥቶ ሹካውን ቀይሯል። አዲሱ ከመሬት ያለውን ክፍተት አንድ ኢንች ገደማ ይጨምራል። የሹካው ታችኛው ጫፍ መሬት ከነካ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ አውሮፕላኗ ልትገለበጥ ትችላለች። ሣር ሜዳ ላይ የምታርፍ ከሆነ ይህ ከአክሰሉ ይቀድማል።

የዳላሱ

አሁን ገብቼ አየሁ። አዲሱ ሹካ ነው። ሰውየው ጠንቃቃ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

የዳላሱ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጨርሻለሁ። ለሚከተለኝ ሰው የሆነውን ልጻፍ።

ጭራዋን በሲሚንቶ ከሞላሁት ባልዲ ጋር አስሬ አፍንጫዋን አነሳሁ። ሾጣጣውን አክሰል ገዛሁ፣ ሜሪላንድ ይቅርታ። የሹካውን የውስጥ ገጽ ጭረት በጥሩ የአሸዋ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ጥልቅ አልነበረም። አክሰሉን በሙሉ ቶርክ አሰርኩ። ከዚያ የቦሌ ልጅ እንዳለው፦ እያዞርኩ አጠበቅኩ፣ አላላሁ፣ እንደገና እያዞርኩ አጠበቅኩ፣ ኮፒሊያውን አስገባሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተደናግሬ ነበር። አዲሱ ኩሽኔታ ግራሶው እንዳይወጣ የሚዘጋ የላስቲክ ፓራኦሊዮ አለው። ጎማው እንደ ብስክሌት አይሽከረከርም፣ ላስቲኩ ይይዘዋል። ከልክ በላይ ያጠበቅኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አላላሁት። ጋሽ መካኒክ ደወልኩላቸው። «ዙሩን ተወው፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው» አሉኝ። ተንቀጫቀጨ። ለካ ያላላሁት ያለ ምክንያት ነው። አንድ ቀዳዳ ጨምሬ ሳጠብቀው ንቅናቄው ጠፋ።

ያላሰብኩት ነገር የጎማው ቆብ፣ ማለት ጎማውን ከውጭ የሚሸፍነው ነበር። መያዣው የሚታሰረው በዚያው በድሮው ቡሎን ስለነበር የመያዣውን ቀዳዳ እንደገና ማስተካከል ግድ ሆነብኝ። ግማሽ ቀን በላብኝ።

ሹካውን 22 ፓውንድ ላይ አደረግኩት። ትናንት ስድስት ጊዜ አረፍኩ። ወለሉ ዝም ብሏል።

ሲያትል

እንኳን ደስ አለህ! ከ10 ሰዓት በረራ በኋላ ሚዛኑን መልሰህ እሰር።

የዳላሱ

እሺ። ቶርኖ ቤት፣ የድሮው ቡሎንና ሁለቱ የተፋቁት ቀለበቶች አሉኝ። ለመለኪያ ከፈለግካቸው በፖስታ ልላክልህ።

ቶርኖ ቤት

ላክልኝ። ስድስተኛውን እልጋለሁ።