ሕንፃን ከስትሪት ቪው ማስደብዘዝ፦ መብት ወይስ ማካበድ?

የክርክሩ መሪ፦ አንድ አባላችን ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት የሐበሻ ምግብ ቤት አለው። ፎቅ ላይ ያለች ተከራይ ጉግልን ጠይቃ ሕንፃው ስትሪት ቪው (የጉግል ካርታ ላይ መንገዱን በፎቶ የሚያሳየው) ላይ በሙሉ ደበዘዘ። ማን ልክ ነው?

ባለ ምግብ ቤቱ፦ እንግዳ ጠፍቶበት ሲደውል «ካርታው ላይ እየው» እለዋለሁ። ይከፍታል፤ ግራጫ ጭጋግ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የቀባሁት በር የለም። አንዴ ከደበዘዘ ደግሞ አይመለስም አሉ። መንገደኛ ሁሉ የሚያየውን በር ከማን ነው የሚደብቁት?

ዕቃ አድራሹ፦ ከጋሼ ጋር ነኝ። በሩን ቀድሜ ካላየሁ ዝናብ ላይ ስዞር ነው የማመሸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጀርመን ውስጥ በ20 ከተሞች ሲጀመር 244 ሺህ ገደማ ቤተሰብ «አደብዝዙልን» አለ። ብዙ ይመስላል እንጂ ከከተሞቹ ቤተሰብ 3 በመቶ ገደማ ነው። ኤሰን የምትባል የጀርመን ከተማ ላይማ የደበዘዙት ቤቶች ተለይተው እንቁላል ተወረወረባቸው! መደበቁ ራሱ አጋለጣቸው።

የዙሪኳ፦ እንቁላል የወረወረው ጥፋተኛ ነው፣ የተደበቀው ምን አደረገ? እዚህ ስዊስ ውስጥ ከባል ለሸሹ ሴቶች መጠለያ አስተረጉማለሁ። የጉግል መኪና ፎቶ እያነሳ ሲያልፍ አንዷ በር ላይ ቆማ እንደ ነበር አስቡ። ነጠላ አጣፍታለች፣ ልጇን በቀኝ እጇ ይዛለች። ፊቷን ማሽኑ አደበዘዘው እንበል። ለማያውቃት ሰው ፊቷ ኖረ አልኖረ ምኑ ነው? ባሏ ግን በነጠላዋ ጥለት ይለያታል። ማደብዘዝ የሚጋርደን ከማያውቀን ሰው ነው፤ የምንፈራው ደግሞ የሚያውቀንን።

ይሄ የኔ ወሬ ብቻ አይደለም። የስዊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ማሽኑ ከፊትና ከታርጋ 99 በመቶ ያህሉን ካደበዘዘ ይበቃል አለ፤ የቀረውን ደግሞ ሰው ሲያመለክት ያስተካክሉ ብሎ። መጠለያ፣ ሆስፒታል፣ እስር ቤትና ትምህርት ቤት አካባቢ ግን ልብስና የቆዳ ቀለም ጭምር መለየት የለበትም ብሏል። ካሜራውም ከአጥር በላይ ወደ ግቢ እንዳያይ።

የኮልፌ ልጅ፦ የኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው፣ ጉግል ሳይታሰብ! ግን አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተደረገ ነገር ያላላዋል። መርካቶ ላይ ስልክ ደቅኖ «ሰላም ነው እናት?» የሚለው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚሾልከው። ለእኛ ከጉግል መኪና ይልቅ እሱ ነው የሚያሰጋን።

ባለ ምግብ ቤቱ፦ መጠለያው ይገባኛል። የኔ ግን ሽሮ ቤት ነው እኮ።

የዙሪኳ፦ ጋሼ፣ ተከራይዋን ለምን እንደሆነ ጠይቀዋታል?

ባለ ምግብ ቤቱ፦ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል አልፈን አናውቅም። ምን ብዬ ልጠይቃት? «ከማን ነው የምትሸሺው?»

ዕቃ አድራሹ፦ እሱስ ይከብዳል። በሩን ራስዎ ፎቶ አንስተው በምግብ ቤቱ ገጽ ላይ ይለጥፉት፣ እኔም ከዝናብ እድናለሁ።

የዙሪኳ፦ ስልኩን ዝቅ አድርገው ያንሱ ጋሼ። በረንዳዋ እንዳይገባ።