ጎርጎራ ዳር ቅሪተ አካል ይገኛል? ለጀማሪ ምክር ስጡኝ

መምህርቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበብ ልጆቼ እንግሊዝ አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ሰዎች ድንጋይ ፈልጠው ጥቅልል ያለ ቅሪተ አካል ሲያወጡ ቪዲዮ አይተው ልቤን አጠፉት። «ቲቸር፣ እኛስ ጣና አለን አይደል?» ነው የሚሉኝ። ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚህ እሑድ ለት መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ ዳር ዳሩን ሁለት ሰዓት ያህል ዞርኩ። አንድ የቡጢ ያህል ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። ላዩ ላይ ነጫጭ ነገር ተሰግስጎበታል፣ አንዱማ ቁርጥ የልጅ ጥርስ ነው። በጥፍሬ ብፍቀው አልነሳ አለኝ። ቅሪተ አካል ይሆን? ልጆቹን ብወስዳቸውስ ምን እንያዝ? መዶሻ ግድ ነው?

ድንጋይ አንባቢ፦
እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፣ ጥርስ አይደለም። ድንጋዩ ባዛልት ነው። እሳተ ገሞራው ቀልጦ ሲፈስ ውስጡ ጋዝ ነበረ፣ ጋዙ ሲወጣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። በኋላ ውኃ ቀስ እያለ በዚያ ቀዳዳ ነጭ ማዕድን ይሞላበታል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚህ ያለውን በጨርቅ ጠቅልዬ ለመምህሬ ወስጃለሁ። መለያው ቀላል ነው። አጉሊ መነጽር ያዢና ነጫጮቹን እርስ በርስ አስተያዪ። አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ የተጨፈለቀ ከሆነ የጋዝ ቀዳዳ ነው። ሕይወት የነበረው ነገር ግን ሥርዓት አለው፤ የዛጎል መስመር እኩል እኩል እየተራራቀ ይሄዳል፣ የቅጠል ሥር ከመሐሉ ወጥቶ በግራም በቀኝም ይበተናል፣ የአጥንት ስባሪ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ድንጋይ ስንጥቅ ላይ ጥቁር የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ሥዕል ብታዪም አትቸኩዪ፣ ብዙውን ጊዜ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን የሳለው ነው።

ዋናው ነገር ግን የጎንደር ዙሪያ ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ መሆኑ ነው። ቅሪተ አካል እንዲቀር ደግሞ የሞተው ነገር ቶሎ በጭቃ፣ በአሸዋ ወይም በአመድ መቀበር አለበት። የቀለጠ ድንጋይ ውስጥ የገባማ ተቃጥሎ አለቀ። የባሕር ዛጎል ማየት ከፈለግሽ ዓባይ በረሃ ነው፣ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መሐል ያለው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ባሕር እዚያ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። ጎርጎራ ከሄዳችሁ ደግሞ ልጆቹ ውኃ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ።

ከባሕር ማዶ፦
የአዘዞ ልጅ ነኝ፣ አሁን እንግሊዝ ደቡብ ነው የምኖረው። ልጆችሽ ያዩት ቻርማውዝ ወይም ላይም ሪጂስ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ገደሉ ራሱ የድሮ የባሕር ወለል ጭቃ ነው፣ ከ190 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው። ማዕበሉ ይንደዋል፣ አጥቦ ዳርቻው ላይ ይበትነዋል። የመጀመሪያ ቀን መዶሻ ገዝቼ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ያገኘሁትን ድንጋይ ስወቅጥ ዋልኩ፣ አንድም የለ። አንዲት አሮጊት አይታኝ «መዶሻውን ቦርሳህ ክተተውና ተንበርከክ» አለችኝ። ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ አንድ ክንድ ከማትሞላ ቦታ ሳልነቃነቅ ቆየሁ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከጥፍሬ የማትበልጥ፣ እንደ ወርቅ የምታብረቀርቅ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች አሞናይት የምትባል የድሮ የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል አየሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ለልጆቹ የማስተምራቸው እኔ ብሆን መጀመሪያ ቀስ ብሎ ማየትን ነው። እዚህ የሚኬደው በብርዱ ወራት ከወጀብ በኋላ ነው፣ ያውም ባሕሩ እየሸሸ ሳለ። ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት ሳያዩ ሄደው ውኃው ተመልሶ መንገድ የዘጋባቸው ብዙ ናቸው። ገደል ሥር መቆም ደግሞ በፍጹም፣ ድንጋዩ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ለልጃገረዶቹ ሜሪ አኒንግን ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1799 ላይም ሪጂስ ውስጥ ከድኻ ቤት ተወልዳ፣ ገና 12 ዓመቷ አካባቢ ከወንድሟ ጋር ኢክቲዮሳውር የሚባል የባሕር አውሬ አጽም ያወጣች ናት።

የጭልጋ ልጅ፦
መምህርት፣ ጎርጎራን ተይውና ወደ እኛ ኑ። የጭልጋ ከተማ አይከልም ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጭልጋ ቀልጦ ከፈሰሰው ድንጋይ በላይ የወንዝ ጭቃና የእሳተ ገሞራ አመድ ተነባብሮ የተኛበት አገር ነው፣ ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አፍሪካ ገና ከእስያ ጋር ሳትገጥም የነበሩ እንስሳት ወጥተውበታል። የዝሆን የሩቅ ዘመዶች አሉ፣ አንዱ ስሙ ራሱ ጭልጋቴሪየም ነው። አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትልልቅ ቀንድ የነበሩት አርሲኖይቴሪየም የሚባል አውሬም አለ። እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ከጅረቱ ዳር የተሰነጠቀ ድንጋይ ብገልጥ ውስጡ ቅጠል አየሁ። ቡናማ ነው፣ ሥሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጫፉን ትል የበላው ይመስላል። አሁን የወደቀ መስሎኝ በጣቴ ላነሳው ሞከርኩ።

ግን አደራ፣ የእንግሊዙን ልማድ እንዳታመጡብን። እዚያ የተበተነውን ለቅሞ ቤት መውሰድ ይቻል ይሆናል፣ እዚህ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካል የሕዝብ ቅርስ ነው፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርም መውሰድም አይቻልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ዘመዴ ቤት ድንጋይ የሆነ ግንድ አለ፣ ቃጫው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በር ይደገፍበታል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን ማን ይነግርሻል? ስለዚህ መዶሻውን ጎንደር ተዉት። ልጆቹ ስልክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዙ። ያገኙትን ሳያነሱ እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ቦታውን በስልክ ካርታ ይመዝግቡ፣ ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ያሳውቁ። ከመምጣታችሁም በፊት ደብዳቤ ብትጽፉላቸው ይሻላል። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፣ ክረምቱ ጅረቱን አዲስ አድርጎ ስለሚቦረቡረው።

መምህርቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ድንጋዩን በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ እውነትም አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ «ጥርሱ» ሁለት የጋዝ ቀዳዳ ተጣብቆ ነው። ነገ ክፍል ይዤው ገብቼ ልጆቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት አደርጋለሁ። ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ። የጭልጋው ወንድሜ፣ 25 ልጆች ነን፣ አይከል ላይ የጾም ምሳ የሚያዘጋጅልን ቤት የምታውቅ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።