የፈረንጅ ዋጋ በኦሳካ

የኦሳካው ተማሪ፦
ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ ላንሳና ተከራከሩበት። ጃፓን ውስጥ ምግብ ቤቶች ለውጭ ሰው ዋጋ ቢጨምሩ ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ለምሳ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር አንድ ዓሣ ቤት ገባን። ጓደኛዬ ጃፓናዊ ነው። ለእሱ በእጅ የተጻፈ የወረቀት ሜኑ ሰጡት። ለእኔ ታብሌት፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሁለታችንም ካይሰንዶን አዘዝን፤ ሩዝ ላይ ጥሬ ዓሣ የሚደረደርበት ነው። የእሱ 1,600 የን፣ የእኔ 2,400። እኔ ዝም አልኩ። እሱ ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ።

እዚህ አራት ዓመቴ ነው። የጤና መድን እከፍላለሁ። ማታ ማታ ሱፐርማርኬት ሄጄ ሠራተኛው የግማሽ ዋጋ ስቲከር እስኪለጥፍ የታሸገው ምግብ፣ ቤንቶው፣ ዙሪያ የማንዣብብ ሰው ነኝ። እኔ ምኔ ቱሪስት ነው?

(ደግሞ ጾም ነው፣ ዓሣ ይበላል አይበላም ብላችሁ ሌላ ክርክር እንዳታስነሱብኝ።)

ሳይታማ ያለችው፦
ምኑ ይደንቃል? "የፈረንጅ ዋጋ" የሚለውን ቃል ያወጣነው እኛው ነን። ላሊበላ ለውጭ ጎብኚ 50 ዶላር ይቆረጥ በነበረ ጊዜ አንድም ቀን ደንግጠህ ታውቃለህ? ፒያሳ ላይ ታክሲው ፈረንጅ ሲያይ ዋጋ ሲያባዛ ስቀን አልፈናል። ዛሬ ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ነው ግፍ የሆነው።

የኦሳካው ተማሪ፦
እህቴ፣ ላሊበላ ታሪፉ የታወቀ ነው። ጎብኚው እያወቀ ይከፍላል። እኔ ላይ የተደረገው እኮ እንደ ታክሲው ነው። ፊቴን አይቶ ነው ሜኑ የመረጠልኝ።

ናጎያ፣ ፋብሪካ ሠራተኛ፦
ለዚህ እኮ ነው እኔ የቲኬት ማሽን ካለበት ራመን (የኑድል ሾርባ) ቤት የማልወጣው። 1,000 የን ትከታለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ወረቀቷን ትሰጣለህ፣ ትበላለህ፣ ትወጣለህ። ማሽን ፊት አያይም።

ሳይታማ ያለችው፦
ቋንቋ ግን ያያል። 2025 ላይ እዚያው ኦሳካ አንድ ራመን ቤት በእንግሊዝኛው በኩል ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ተብሎ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። የቤቱ ሰዎች "ውስጡ የሚገባው ነገር ይለያል" አሉ።

ጋሼ፣ ቶኪዮ፦
ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር 26 ዓመት ኖሬያለሁና ትንሽ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የፈረንጅ ዋጋ ያልሆነውን እንለይ። ኢዛካያ የሚሉት መጠጥ ቤት ገብታችሁ ሳታዙ ትንሽ ሰሃን ይመጣል። የተቀቀለ አትክልት ወይ ቁራጭ ቶፉ። ሂሳቡ ላይ 300 ወይ 500 የን ሆኖ ይገኛል። ኦቶሺ ይባላል። ጃፓናዊውም ይከፍለዋል፤ የመቀመጫ ዋጋ በሉት። እኔ በመጣሁ ሰሞን ተበላሁ ብዬ ከአስተናጋጁ ጋር ተጨቃጭቄ ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ሰፈር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

ሁለተኛ፣ የእነሱንም ኪስ እዩላቸው። በ2021 መጀመሪያ ላይ 1 ዶላር 105 የን ገደማ ነበር። በ2024 አጋማሽ 160 አለፈ። ቱሪስቱ በ2024 ከ36 ሚሊዮን በላይ፣ በ2025 ደግሞ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ለእነሱ ሁሉም ነገር ርካሽ ነው። የአገሬው ደሞዝ ግን ያው በየን ነው። በ2025 ጸደይ 5 ኪሎ ሩዝ ከ4,000 የን በላይ ሲገባ፣ ከዓመት በፊት የግማሹን ያህል ነበር። ከዚያ በፊት በ2024 ደግሞ እዚህ ቶኪዮ፣ ቶዮሱ የዓሣ ገበያ አጠገብ በተከፈተው አዲስ ሰፈር አንድ ሳህን ካይሰንዶን ከ10,000 የን በላይ የሚሸጥ ነበር። ጃፓኖቹ ራሳቸው "ኢንባውንዶን" ብለው ቀለዱበት፤ የቱሪስት ሳህን እንደ ማለት ነው። የሚበላው ጎብኚ፣ የሚያየው የሰፈሩ ሰው።

የኪዮቶዋ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ለውጭ ሰው ልዩ ዋጋ ሲባል ሁሌ ጭማሪ ብቻ አይደለም። የባቡሩን ጃፓን ሬይል ፓስ አስታውሱ። የ7 ቀኑ እስከ 2023 መስከረም ድረስ 29,650 የን ነበር። ለጎብኚ ብቻ! እኛ ነዋሪዎቹ መግዛት አንችልም። ከዚያ ወደ 50,000 አስገቡት። ያኔ ሙሉ ዋጋ እየከፈልን አጠገባችን በቅናሽ የተቀመጠውን ቱሪስት ስናይ ማን አለቀሰልን?

የኦሳካው ተማሪ፦
ይኸው! በቅናሹ ጊዜ ነዋሪ ነህ ተብዬ ቀረብኝ። በጭማሪው ጊዜ ደግሞ ቱሪስት ነህ እባላለሁ። በሁለቱም በኩል የምከፍለው እኔ!

የኪዮቶዋ፦
ሃሃ፣ እሱስ እውነት ነው። ለዚህ የሂሜጂ ግንብ አሠራር ይሻላል። ከንቲባው መጀመሪያ በ2024 ለውጭ ሰው 30 ዶላር ይሁን ብለው ሐሳብ ሲያቀርቡ ጫጫታ ተነሳ። በመጨረሻ የከተማው ነዋሪ 1,000 የን፣ ሌላው አዋቂ ሁሉ ከ2026 መጋቢት ጀምሮ 2,500 ሆነ። የቶኪዮ ጃፓናዊም 2,500 ይከፍላል። ሂሜጂ የሚኖር ሐበሻ 1,000። አድራሻ እንጂ ፊት አይታይም።

ናጎያ፣ ፋብሪካ ሠራተኛ፦
ግንብ በር ላይ መታወቂያ ማሳየት ይቻላል። አንድ ሳህን ሩዝ ለመብላት ግን የነዋሪነት ካርድ ላውጣ? ጃፓናዊው ያወጣል? እኔ እምቢ ነው።

ሳይታማ ያለችው፦
አንድ ቤት ደግሞ ዋጋውን በካንጂ፣ በጃፓኖቹ ፊደል፣ ቁጥር ጽፎ አየሁ። ስምንት መቶ በካንጂ። ማንበብ የቻለ በርካሽ ይበላል። እኛም አገር ቤት በግዕዝ ቁጥር እንጻፍ ብዬ ነበር፤ ከ፲ በላይ የሚያነብ ሐበሻ እናጣለን እንጂ።

ጋሼ፣ ቶኪዮ፦
ይሄኛውን እኔ እደግፋለሁ። ቢያንስ ቋንቋ ያስተምራል። አንተ ልጅ ግን ለምን ጃፓንኛውን ሜኑ አልጠየቅክም? አራት ዓመት ተምረህ!

የኦሳካው ተማሪ፦
ጋሼ፣ ሰምቼዎት ዛሬ ብቻዬን ተመለስኩ። ሳልቀመጥ በጃፓንኛ "የጃፓንኛውን ሜኑ" አልኩ። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችና ወረቀቱን አመጣች። 1,600። ያንኑ አዘዝኩ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሳህኑ ሲመጣ የትናንቱ ላይ የነበሩት ሁለት ሽሪምፖች የሉም። የጓደኛዬ ሳህን ላይም አልነበሩም፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። 800 የን የሚያወጡ ሽሪምፖች ግን አልነበሩም።

ሳይታማ ያለችው፦
የትናንቱን ፎቶ አንሥተሃል?

የኦሳካው ተማሪ፦
በላሁት።