ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው የምኖረው፣ ከባድ ዝናብ ይመጣል እያሉ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ድሬዎች። ትላንት ማታ ለሚቀጥሉት 3 ቀናት ምስራቅ ሐረርጌ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ቅጽበታዊ ጎርፍም ሊኖር ይችላል ሲሉ ሰማሁ፣ እኔ ደግሞ ከእናቴና ከ2 ልጆቼ ጋር ደቻቱ ዳር ነው የተከራየሁት፣ እዚህ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል ዳመናም የለ። ከባድ ሲሉ ስንት ነው? አሁኑኑ ልውጣ ወይስ ሲዘንብ አይቼ? በሬ ላይ ያለችው ሱቅም ታሳስበኛለች፣ ዱቄትና ስኳር አለ።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ሲዘንብ አይቼ የሚባል ነገር የለም። ደቻቱ የሚሞላው ተራራው ላይ፣ ደንገጎና ከዛ በላይ በዘነበው ነው፣ እኛ ጋ ኮከብ እየታየ ውሃው ይመጣል። በ1998 ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሌሊት ሰው ተኝቶ ነው የደረሰው፣ ከ200 ሰው በላይ ሞቷል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ድምፁ ከባድ መኪና ዳገት የሚወጣ ነው የመሰለን፣ ከዛ የጎረቤታችን ፍሪጅ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሲሄድ አየሁት ወላሂ።

ቁጥር ወዳድ፦
ሚቲዎሮሎጂዎች ከባድ የሚሉት በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን 1 ሚሊ ማለት በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷ ካሬ ላይ ባለ 20ው ጄሪካን አንድ ተኩል ተደፋ በይው፣ ተራራው ደግሞ ዛፍ የለውም አይመጠውም ሁሉም ወደ ታች ነው።

ዝም ብዬ፦
አታስፈራሯት እንጂ፣ ከዛ በኋላ ግንብ ተሰርቷል እኮ።

የሳቢያኗ፦
ግንቡ የወንዙን ይይዝ ይሆናል፣ በፌስታል የተደፈነው የሰፈር ቦይስ? ከጀርባ ነው የሚገባባት። እህቴ ስሚኝ፣ ማታ ማታ እናትሽና ልጆቹ ዘመድ ጋ ይደሩ፣ ሐረማያ ወይ ደንገጎ የምታውቂው ሰው ካለ ደውለሽ እዛ እየጣለ ነው ወይ በይ፣ ከየትኛውም አፕ ይሻላል። መታወቂያና የልጆቹን ወረቀት ፌስታል ውስጥ ጠቅልለሽ ያዢ፣ ዱቄቱን ከመሬት አንሺው፣ ስትወጪ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊ። ልጆቹ የወንዙ አሸዋ ላይ ኳስ እንዳይጫወቱ፣ በዚህ ሳምንት በፍጹም።

ከሻርጃ፦
በረሃ አይጎርፍም የሚል ሰው እኛን ይጠይቅ፣ ሚያዝያ 2016 መኪና እንደ ጀልባ ነው የተንሳፈፈው። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲም ቢሆን ሰው ይጥላል፣ 30 ከሆነ ትንሽ መኪና ያነሳል። ልሻገር እንዳትዪ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽማ ጭራሽ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ዱቄቱን ቆጥ ላይ ሰቅያለሁ፣ ደንገጎ ያለችው የአክስቴ ልጅም ከ9 ሰዓት ጀምሮ ጠቁሯል አለችኝ። እናቴ ዶሮዎቼን ትቼ አልሄድም ብላ አንድ ሰዓት አጨቃጨቀችኝ፣ በመጨረሻ አምስቱንም በካርቶን አድርገን በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ገብተናል፣ ሹፌሩ ለዶሮዎቹም አስከፈለኝ።