ማቬሪክ 2025፦ ለሥራ የሚበጀው የትኛው ነው?
(ጸሐፊዎቹ የተጠሩት አሜሪካ ውስጥ በሚኖሩበት ከተማ ስም ነው።)

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጤና ይስጥልን። ለጽዳት ሥራና ቅዳሜ እሁድ ለድግስ ዕቃ ማመላለሻ የሚሆን ትንሽ ፒክአፕ ተፈልጎ የ2025 ፎርድ ማቬሪክ ላይ ደርሰናል። ኤክስኤል፣ ኤክስኤልቲ፣ ላሪያት፣ ትሬመር፣ ሎቦ የሚሉ አምስት ዓይነት አሉ። ሻጩ የሚያወራው ስለ ስክሪኑ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ተሳቢ መጎተት አለ። ሃይብሪዱ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራው) ይችለዋል? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

አሌክሳንድሪያ፦
ስክሪኑን አስቀድመን እንገላገለው። የበፊቱ 8 ኢንች ነበር፣ አሁን በሁሉም ላይ 13.2 ኢንች ሆኗል። ስልክ ያለገመድ ይገናኛል፣ ከመሪው ፊት ያለውም ባለ 8 ኢንች ዲጂታል ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ዕቃ አይሸከምም።

ትልቁ ለውጥ ከሥር ነው። ከ2022 እስከ 2024 የወጣው ሃይብሪድ በፊት ጎማ ብቻ ነበር የሚነዳው፤ የመጎተት አቅሙም ከ2,000 ፓውንድ አያልፍም። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ወይም 4,000 ፓውንድ የሚጎትት የፈለገ ሰው ባለ 2.0 ሊትሩን ቱርቦ መግዛትና ነዳጁን መቻል ነበረበት። በ2025 ሃይብሪዱንም ከተፈለገ በአራት ጎማ ነጂ ማዘዝ ይቻላል፤ ከፋብሪካ «ፎር ኬ ቶው ፓኬጅ» (የከባድ መጎተቻ ዕቃዎች ጥቅል) ከታዘዘለት ደግሞ 4,000 ፓውንድ፣ ማለትም 1,800 ኪሎ ገደማ ይጎትታል። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፦ አዎ ይችላል፣ ግን ሁሉም ሃይብሪድ አይደለም።

የሃይብሪዱ ሞተር 2.5 ሊትር ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር ተደምሮ 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ካምቢዮው ኢ-ሲቪቲ ይባላል፤ ስሙ ሰውን ያስደነግጣል እንጂ በቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ አይደለም። ውስጡ የፕላኔት ጥርስና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ፕሪየስ ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፣ አሠራሩ ያው ነው። የፊት ጎማ ነጂው የመንግሥት ግምት በከተማ 42፣ በሀይዌይ 35፣ በአማካይ 38 ማይል በጋሎን ነው። ልብ በሉ፣ ከተማ ውስጥ ነው የሚሻለው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪው ስለሚሞላ የፍሬን ሸራውም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ሀይዌይ ላይ ለሚውል ሰው ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ኤክስኤል ባለ 17 ኢንች የብረት ቸርኬ ያለው ተራው ነው። ጉድጓድ ለበዛበት ሰፈር የብረት ቸርኬ ነውር የለውም፣ ቢጣመም ይቃናል፣ ቢቀየርም ርካሽ ነው። ኤክስኤልቲ ላይ የኋላው ስፖንዳ (የጭነቱ በር) ከቁልፉ ጋር አብሮ ይቆለፋል፤ ዕቃ ጭኖ ለሚቆም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ላሪያት ምቾት ነው፣ አራት ጎማ ነጂ ሆኖ ይመጣል። ትሬመር በቱርቦው ብቻ ነው፤ 1 ኢንች ከፍ ያለ፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ)፣ ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ ነው። ሎቦ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ከፊት ግማሽ ኢንች፣ ከኋላ ከ1 ኢንች ትንሽ በላይ ዝቅ ያለ፣ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ፣ ካምቢዮው ባለ 7 ማርሽ፣ የሚጎትተውም 2,000 ፓውንድ ብቻ። ያምራል። ለሥራ የሚገዛ ሰው ግን አይየው።

የኔ ምርጫ ኤክስኤልቲ ሃይብሪድ፣ አራት ጎማ ነጂ፣ ከፎር ኬ ጋር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለመቀመጫ ልብስና ለመልክ የሚከፈል ነው።

ዳላስ (መካኒክ)፦
አሌክሳንድሪያ ያለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ነው። ፎር ኬ ማለት ከኋላ የሚታየው የመጎተቻ ብረት አይደለም። ብረቱን ከየትም ገዝቶ በአንድ ቀትር ማሰር ይቻላል። ፓኬጁ ግን ከማቀዝቀዣው ነው የሚጀምረው፦ አቅሙ የጨመረ ራዲያተርና ቬንቲላ፣ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ፣ ባለ 7 ፒን ሶኬት፣ ከዚያም ይህን ሁሉ የሚያውቅ ኮምፒዩተር አለ። ፓኬጁ ሳይኖረው ብረት ብቻ ታስሮበት 3,500 ፓውንድ የጎተተ መኪና በሐምሌ ሙቀት ዳገት ላይ ይግላል፣ ኮምፒዩተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነጂው ደግሞ ነዳጅ ይረግጣል። የካምቢዮ ዘይት አንዴ ከተቃጠለ ነገሩ አለቀ፣ ከአቅም በላይ መጎተቱ ከታወቀም ዋስትናው ላይ ክርክር ይነሳል።

ስለዚህ ሻጭ «በኋላ እናስገባልሃለን» ካለህ መልስህ አንድ ነው፣ አይሆንም። መስኮቱ ላይ በተለጠፈው የዋጋ ወረቀት ላይ ፓኬጁ በስሙ ተጽፎ ካልታየ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ከመጎተቱም ይበልጣል። የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ ቢጫ ያለበትን ወረቀት አንብብ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል። ማስታወቂያው «እስከ 1,500» ይላል፤ እሱ ተራው የፊት ጎማ ነጂ ነው። አራት ጎማ ነጂነት፣ የጣሪያ መስኮት፣ ትልቅ ቸርኬ በተጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ የሁለት መኪኖች ወረቀት ጎን ለጎን ቢታይ አንድ ላይሆን ይችላል።

ለምሳሌ ወረቀቱ 1,300 ቢል፦ ሾፌርና ረዳት 350 ፓውንድ፣ ቀረ 950። 2,500 ፓውንድ ተሳቢ ከታሰረ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ማለትም ከ250 እስከ 375። ቀረ ከ575 እስከ 700። ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት 20 ከረጢት 500 ነው፤ በቃ፣ ሞልቷል። ለጽዳት ሥራ ውሃ የምትጭኑ ደግሞ፣ አንድ ጋሎን 8.3 ፓውንድ ስለሆነ ባለ 55 ጋሎን በርሜል ብቻውን 460 ገደማ ነው። ግማሽ የተሞላ በርሜል ከሙሉው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ውሃው ሲንቀሳቀስ መኪናውን ይዞት ይሄዳል።

ተሳቢው ላይ ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉን ከአክሱ ፊት አድርጉ። ከኋላ ከከበደ የመኪናውን ጀርባ ያነሳዋል፣ በ55 ማይል ፍጥነት መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። መቆጣጠሪያው ካለ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ያረጋጋዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ካሶኒው (ዕቃ የሚጫንበት) አጭር አይደለም? ደግሞ ከኋላ መብራት መሰካት ይቻላል ተብሏል።

ዳላስ (መካኒክ)፦
ካሶኒው 4.5 ጫማ ነው፣ አጭር ነው። ስፖንዳው ሲወርድ ወለሉ 6 ጫማ ይሆናል። ስፖንዳውን በግማሽ ማቆም ደግሞ ይቻላል፤ ያኔ ባለ 4 በ8 ጫማ ኮምፔንሳቶ በጎማው ሽፋንና በስፖንዳው ላይ ተኝቶ ይሄዳል፣ መታሰር ግን አለበት። ጎኑ ላይ ያሉት ስንጥቆች ጣውላ ሰክቶ ካሶኒውን ለመክፈል ናቸው፤ ባለ 2 በ4 እና ባለ 2 በ6 ልክ ይገባል።

መብራቱን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። በካሶኒው ግራና ቀኝ ከክዳን ሥር ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር የተዘጋጀ ሽቦ አለ። የሥራ መብራት ወይም ትንሽ የውሃ ፓምፕ ለማሰር የፋብሪካውን ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለተኛው ባለ 110 ቮልት ሶኬት ነው፤ ከመግዛት በፊት መኖሩን አረጋግጡ። አቅሙ 400 ዋት ነው። ላፕቶፕና የመሰርሰሪያ ባትሪ ይሞላል፣ 1,200 ዋት ቫኩም አያስነሳም። ኤሌክትሪክ ምጣድማ ይቅር።

ዴንቨር፦
ለበረዶ አገር አንድ ቃል። አራት ጎማ ነጂነት ለመነሳት ነው እንጂ ለመቆም አይደለም። የበረዶ ጎማ ሲገባ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሁለቱ ብቻ ከተቀየሩ መጠምዘዣ ላይ ጀርባው ያመልጣል። ባዶ ፒክአፕ ከኋላ ቀላል ነው፣ ይህን ከሴዳን የሚመጣ ሰው ይረሳዋል።

ሲያትል፦
ከ4,000 በላይ የሚጎትት ካለ ማቬሪክን ይተው። ሀዩንዳይ ሳንታ ክሩዝ ባለ ቱርቦው 5,000 ይጎትታል፣ ሃይብሪድ ግን የለውም፣ ካሶኒውም ከማቬሪክ ያንሳል። ከዚያ በላይ ቶዮታ ታኮማ ነው፤ በሻሲ ላይ የተሠራ ትልቅ መኪና ስለሆነ ዋጋውም ሌላ ነው።

ሚኒያፖሊስ፦
ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ለምንድነው እንደ አገር ቤት የቶዮታ ሂሉክስ እዚህ የማይሸጠው?

አሌክሳንድሪያ፦
በዶሮ ምክንያት ነው፣ ቀልድ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ፣ አሜሪካ አጸፋውን ከውጭ የሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ጣለች። ከ1964 ጀምሮ ነው። የሌላው ዕቃ ቀረጥ ሲነሳ የመኪናው ግን ሳይነሳ ቆየ። ሂሉክስ ራሱ እዚህ እስከ 1995 በተለያየ ስም ተሸጧል፣ ከዚያ ታኮማ ተካው። ማቬሪክ ሜክሲኮ ኤርሞሲዮ የሚገጣጠመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በንግድ ስምምነቱ ከዚህ የዶሮ ቀረጥ ያመልጣል። ወደ አገር ቤት እልካለሁ ለሚል ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖችን ማስገባት ስለከለከለች መኪናው ሳይገዛ ጉምሩክ ይጠየቅ።

ፌርፋክስ (ሒሳብ ሠራተኛ)፦
ለሥራ ለምትገዙ። «ፒክአፕ ስለሆነ ሙሉ ዋጋውን በአንድ ዓመት ከታክስ አወርደዋለሁ» የሚለው ወሬ በማቬሪክ ላይ አይሠራም። ያ ሕግ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ መኪና ነው፤ ማቬሪክ ከዚያ በታች ስለሆነ እንደ ተራ መኪና የዓመት ጣሪያ አለው። ለብዙ ሰው የሚሻለው በማይል ማስላት ነው፤ ለ2025 በሥራ ለተነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር። ሁለት ነገር ልብ ይባል፦ መኪናው ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት የማይሉን መንገድ ያልመረጠ ሰው በኋላ ወደሱ መመለስ አይችልም፤ ደግሞ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ማይልና ምክንያት የተጻፈበት መዝገብ ከሌለ በምርመራ ጊዜ ሁሉም ይሰረዛል። ከቤት ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ የሚደረግ ጉዞ አይቆጠርም።

ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የመኪና ታክሱ 6.5 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ፣ በየዓመቱ የካውንቲ ታክስ ይከተላል። እዚያ ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል መኪና ደግሞ ለግል መኪና የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ አያገኝም።

ኢንሹራንሱን «የግል» ብሎ አስመዝግቦ በክፍያ ዕቃ ማመላለስ አደገኛ ነው። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው ለምን እንደምትነዱ ይጠይቃል፣ ላለመክፈል መብት ሊኖረው ይችላል። ከመፈረም በፊት ሥራውን ተናግሮ ዋጋውን ማወቅ ነው።

አሌክሳንድሪያ፦
ስለ ግዢው ደግሞ። መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) ሄዳችሁ ብድሩን አስጸድቁ፤ የሻጩ ወለድ ከዚያ ካነሰ ብቻ የሱን ውሰዱ። የብድር ጥያቄዎቹን በ14 ቀን ውስጥ ከጨረሳችሁ ክሬዲታችሁ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለ ወር ክፍያ አትከራከሩ፤ ታክስ፣ ሰሌዳ፣ የወረቀት ክፍያ ሁሉ ተካቶ ከበር የሚወጣበትን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ። ናይትሮጅን ለጎማ፣ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ የሚሉት ከዋጋው የሚሰረዙ ናቸው። በ2022 ከ20,000 ዶላር በታች ይጀምር የነበረው መኪና አሁን በጣም ስለራቀ፣ ሁለት ሺህ ዶላር ጭማሪ በዓይን አይታይም፣ በኪስ ግን ይታያል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ያገለገለውስ? የ2023 ሃይብሪድ በጥሩ ዋጋ አለ።

ዳላስ (መካኒክ)፦
ለፊት ጎማ ነጂና ለ2,000 ፓውንድ ከበቃህ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወት ሥር የሚታየውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ቪን (የመኪናውን መለያ) ጻፍና በኤንኤችቲኤስኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገባው። በ2022 እና 2023 ሞዴሎች ላይ የ12 ቮልት ባትሪን፣ በሃይብሪዱ ደግሞ ሞተሩ ሲሰበር ዘይትና የነዳጅ ትነት ወጥቶ እሳት እንዳይነሳ የሚመለከቱ የፋብሪካ የጥገና ጥሪዎች ወጥተዋል። እስከ 2024 ያሉት ላይ የኋላ መብራት የሚጠፋበት ጉዳይ ነበር። ጥገናው በነጻ ነው፤ «ያልተሠራ» ካለ ሻጩ ሳያሠራ አትረከብ። የ2022 ኤክስኤል ከሆነ ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀው) በመደበኛ አይመጣም፣ መሪው ላይ ቁልፉን ፈልግ።

ከዚያ ከካሶኒው ሥር ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) መኖሩን እይ፣ አየሩንም ለካ፤ ማንም አይለካውም። የመጎተቻ ብረት ታስሮበት ፎር ኬ ከሌለው፣ ስንት ሲጎትት እንደኖረ ጠይቅ። ለሙከራ ስትነዳው ሞተሩ ሳይሞቅ ጀምር፤ አስቀድሞ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቀህ ነገ ጠዋት ተመልሰህ ና።