እናቴ ቀጭን ናት፣ ጿሚም ናት፤ ታዲያ የደም ግፊቱ ከየት መጣ?

ጠያቂ፣ ከሰቢያን (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የ61 ዓመት ሴት ናት። ባለፈው ወር የንባብ መነጽር ለማሠራት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ሳለች በዚያው አጋጣሚ ግፊቷ ሲለካ 168 በ102 ሆኖ ተገኘ፤ በሳምንቱ ተመልሰን ብናስለካም 164 በ98 ነበር። ራሷን አያዞራትም፣ ማጅራቷን አይዛትም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጓዳ ስትንጎዳጎድ ነው የምትውለው፤ ስለዚህ እርሷም ጎረቤቶቿም መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ወደ ማለቱ ያዘነብላሉ።

እኔን ግራ ያጋባኝ ግን ሌላ ነው። ደም ብዛት ሥጋ የሚያዘወትርና የወፈረ ሰው በሽታ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እናቴ ከ50 ኪሎ ብዙም አታልፍም፤ ሁዳዴውንም ፍልሰታውንም ረቡዕና ዓርቡንም አታጓድልም፤ መጠጥ የሚባል ነገር በደጇ አያልፍም። ጉልበቷን ሲጠዘጥዛት ከምትውጣት ማስታገሻ በቀር መድኃኒት የማትወድ ሰው ናት። ቁጥሩን ከሰማች ወዲህ «ደም ይጨምራል» ብላ ቀይ ሥርና ምስር መብላት አቁማለች፤ ጨው ቀንሺ ስትባል ግን «በድሬ ሙቀት ጨው ያልበላ ሰው ይዝላል» ነው መልሷ።

ስለ ራሴም ልጠይቅ። ዕድሜዬ 36 ነው። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ ጫት ስቅም ቆይቼ ስመለስ መንገዴ ላይ ባለ ፋርማሲ ብለካ 148 በ94 ሆነ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ 126 በ80። የትኛውን ልመን? ከእናቴ ወርሼው ይሆን?

ነርስ፣ ከድሬዳዋ

በድሬ ልማድ አንተ እያልኩ ብጽፍ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

በእኔ ግምት ግማሹ ችግር የሚመጣው ከስሙ ነው። ደም ብዛት ሲባል ደም ከልክ በላይ ተትረፍርፎ ስለሚመስለን ምስሩን የሚተው፣ ሥጋውን የሚሸሽ፣ አልፎ ተርፎም ደም ካልተቀዳልኝ የሚል ሰው ያጋጥመናል። የበሽታው ምንነት ግን ደሙ ሲያልፍ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከመጠን ማለፉ ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ደግሞ በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ያለውን ግፊት ያሳያል፤ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት ይባላል። ስለዚህ ምስሩም ቀይ ሥሩም በደሉ የለባቸውም። እንዲያውም ሁለቱም ግፊትን ለመቀነስ የሚረዳ ፖታሲየም ስላላቸው፣ ኩላሊቷ ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ይጠቅሟታል እንጂ አይጎዷትም።

መሣሪያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የክንድ መጠቅለያው ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ከሰፋ ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። የእናትህ ክንድ ቀጭን ከሆነና የተጠቀሙት የተለመደውን መጠቅለያ ከሆነ፣ ስህተት ቢኖር እንኳ እውነተኛው ግፊቷ ከታየው በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ምንም አለማመሟም ማስረጃ አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ መታመማቸውን አያውቁም።

ወደ መንስኤው ስንመጣ፣ ከ100 ታማሚ ከ90 በላይ በሚሆኑት ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም አንድ ምክንያት አይገኝም። ዕድሜ ሲገፋ ትልልቆቹ የደም ሥሮች እንደ አሮጌ ጎማ ይደርቃሉ፤ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የነበራቸው ከለላ ይቀንሳል። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ፣ ጨው፣ ውፍረት፣ የአልኮል መጠጥ፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ የስኳር በሽታ በዚያ ላይ ይደመራሉ። ቅጥነት ከነዚህ አንዱን ብቻ ነው የሚቀንሰው። ጾሙም ቢሆን ሥጋውን ያስቀራል እንጂ ጨውን አያስቀርም፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ አዋዜው፣ ወጡ ላይ የሚጣለው ማጊ ሁሉ ጨው የተሸከሙ ናቸው። በቆላ ላብ የሚወጣው ጨውም የቀን ሥራ ፀሐይ ላይ ካልዋለች በስተቀር ከምትበላው ምግብ ይተካል።

አንተን በተመለከተ፣ ወላጅ ሲኖርበት የልጅም ዕድል ከፍ ይላል፤ የሚወረሰው ግን ዝንባሌው ስለሆነ ከአሁኑ በየጊዜው መለካት በቂ ነው። ስትለካ ለ5 ደቂቃ ተቀምጠህ፣ እግርህን ሳታነባብር፣ ሽንትህን ሸንተህ፣ ክንድህን በልብህ ትክክል አሳርፈህ፣ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡናም ሲጋራም ሳትቀምስ ይሁን። ጫቱን ለሌሎች ልተወው።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከሐረር

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ጠያቂው እንደ ዘበት ባለፋት አንዲት ሐረግ ላይ ነው። «ጉልበቷን ሲጠዘጥዛት ከምትውጣት ማስታገሻ በቀር» ብለዋል። ማስታገሻዋ ምንድን ናት? በየስንት ጊዜው ነው የምትዋጠው?

በመስኮታችን በኩል ለጉልበትና ለወገብ በብዛት የሚጠየቁት ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ናቸው። ሕመሙን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በማገድ ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር ግን በኩላሊት ውስጥ የደም ሥሮችን ከፍቶ የሚይዝና ጨው በሽንት እንዲወጣ የሚረዳ ነው። ሲታገድ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ግፊትም ይጨምራል። ለሁለትና ሦስት ቀን የወሰደ ጤናማ ሰው ብዙም አይታወቀው ይሆናል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ለወራት በየቀኑ ሲወስደው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከዚህም የከፋው እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ከተጀመሩ በኋላ ማስታገሻው ሥራቸውን ማዳከሙ፣ አልፎም ኩላሊትን መጉዳቱ ነው።

ሌሎችም አሉ፤ ፕሬድኒሶሎን፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች። ፓራሲታሞል የተሻለ አማራጭ ቢሆንም በቀን እስከ 4 ግራም እየወሰዱ ለሳምንታት መቀጠል እርሱም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። ስለዚህ እናትዎን ወደ ሐኪም ሲወስዱ ስሙን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያውን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ሰዎች ክኒንን የሚያስታውሱት በቀለሙ ነው፤ ነጭ ክኒን ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም።

ከጁገል (ሐረር)

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅሜአለሁ፣ ግፊትም አለብኝ፤ ስለ ቅዳሜዋ ቁጥር ለመናገር ይህ የሚበቃኝ ይመስለኛል።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ያፋጥናል፣ የደም ሥርን ያጠባል፤ ግፊቱም መቃም ከተጀመረ በኋላ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚቀንስ ነው ጫት እርጥቡ የሚፈለገው፤ እኛ ደግሞ የጫት ገበያዋ አወዳይ አፍንጫችን ሥር ስላለች የምናገኘው ከነጉልበቱ ነው። ስለዚህ የሰኞ ጠዋቱን የዘወትር ግፊትህ አድርገህ ብትወስድ፣ የቅዳሜውን ደግሞ ምርቃናው ያመጣው ነው ብትል አትሳሳትም። ነገር ግን የቅዳሜውን ንቀህ አትለፈው፤ በዚያን ሰዓት ልብህና ደም ሥርህ የሚሸከሙት ያንኑ 148 ነው። ከበርጫ ጋር የሚመጣውንም አስብ፤ ሲጋራው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የማይተኛበት ሌሊት። እኔ ዘንድ ከጊዜ በኋላ የጠዋቱም ቁጥር አልወርድ አለ፤ ጫቱ ብቻ ነው ያመጣው አልልም፣ አባቴም ነበረበት።

ስለ ጨው አንድ የሞከርኩትን ልንገርህ። በእኛ ቤት ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ሳይቀር በወተትና በጨው ነው የሚጠጣው፤ ሆኖም ስንጠየቅ ሁላችንም ጨው አናበዛም ባዮች ነን። አንድ ቀን የኪሎ ጨው ስንከፍት ቀኑን በከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። አምስት ሰዎች ሆነን በ21 ቀን ጨረስነው። ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 9 ግራም ተኩል ገደማ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ለጥ ካለ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። በርበሬው ውስጥ የገባው ገና አልተቆጠረም።

ጠያቂ፣ ከሰቢያን (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የእናቴን ቦርሳ አስፈትቼ አየሁ፤ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም ነው። ካለፈው ጥምቀት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ስትወስደው እንደኖረች፣ አንዱ ፋርማሲ «በዛ» ሲላት ከሌላው ትገዛ እንደነበር ነገረችኝ። ለእርሷ መድኃኒት ማለት ሐኪም የጻፈው ነው፤ ይህ «የጉልበት» ነው። ሽሮውንም ጠየቅኳት፤ ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል፣ ሲሠራም በድጋሚ ይጨመራል። ማክሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን። የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋት ይሆን? እርሷ ደግሞ አጥብቃ የጠየቀችኝ ምስሩን መብላት ትችል እንደሆነ ነው።

ነርስ፣ ከድሬዳዋ

አዎ፤ ሽንቷ፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒኗ፣ ፖታሲየሟና ስኳሯ ይታይላት፤ ኩላሊት ግፊትን ያመጣል፣ ግፊትም ኩላሊትን ይጎዳልና የትኛው እንደቀደመ ማወቅ ይጠቅማል። ክሊኒኩ የጻፈላት የግፊት መድኃኒት ካለ ከዳይክሎፌናኩ ጋር አንድ ላይ እንደምትወስድ ለሐኪሙ አትደብቁ፤ ለጉልበቷ ምን እንደሚተካላትም እዚያው ጠይቁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ደረቷን ቢወጋት፣ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ዓይኗ ቢጋረድ፣ ወይም አንድ ጎኗ ቢዝልና አፏ ቢተሳሰር ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ምስሩን ትብላ። ጨውን ግን ወጡ ከወረደ በኋላ፣ ቀምሳ ታድርግበት።