ጥቆማ፦ ሊንክ ላይ የሚንጠለጠለውን መከታተያ ለማንሳት የቱ ይሻላል?

ከፍኖተ ሰላም አንድ መምህር ለተማሪዎቻቸው በቴሌግራም የሚልኩት የዩቲዩብ ሊንክ ለምን እንደሚረዝምና በምን እንደሚያሳጥሩት ጠይቀው ነበር።

መምህር፣ አስቀድመን የሚቆረጠውን እንለይ። ዩቲዩብ ላይ «አጋራ» ሲሉ ከጥያቄ ምልክቱ (?) በኋላ የሚመጣው «ኤስአይ» (si) መከታተያ ነው፣ ማለትም ሊንኩ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ለማወቅ የሚጨመር ኮድ፤ ቢወጣ ቪዲዮው ምንም አይሆንም። በረጅሙ ሊንክ ላይ ግን ከ«ቪ» (v=) ቀጥለው ያሉት 11 ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች የቪዲዮው መለያ ስለሆኑ እንዳይነኳቸው። «ቲ»ም (t=) ከስንተኛው ሰከንድ እንደሚጀምር የሚናገር ነውና ካስፈለገዎት ይተዉት። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ አጭሩ ሊንክ ይበቃዎታል፤ ከጥያቄ ምልክቱ ጀምረው ይጣሉት።

ከፌስቡክ የሚመጣው «ኤፍቢክሊድ» (fbclid) የሚባል መከታተያ ይብሳል። ከ2018 ጀምሮ የተለመደ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ንክኪ የየራሱ ኮድ ይሰጣል። የጉግል ማስታወቂያው «ጂክሊድ»ም (gclid) ያው ነው። «ዩቲኤም» (utm) የሚሉት፣ ጉግል በ2005 ከገዛው ኡርቺን ከተባለ ድርጅት የወረሰው፣ በአብዛኛው የሚናገረው የትኛው ማስታወቂያ እንዳመጣዎት ብቻ ነው። ባሕር ዳር ልብስ የሚሸጥ ሰው ገዢው ከቴሌግራም ይምጣ ከፌስቡክ ለማወቅ ቢለጥፈው እኔ አልቀየመውም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ለአንድሮይድ ስልክ ብሬቭ የተባለውን ብሮውዘር አስቀድማለሁ። «ኤፍቢክሊድ»ንና መሰሎቹን ማንም ሳይነካው ራሱ ያወጣቸዋል። «ዩቲኤም»ን ሲያስሱ ይተወዋል፤ ንጹሑን ሊንክ ኮፒ ማድረጊያውን ሲጠቀሙ ግን እሱንም ያነሳል። ፕሌይ ስቶር ላይ በነጻ ስላለ ሞባይል ቤት ከፍለው አያስጭኑት። ቴሌግራም ሊንክን በራሱ ውስጥ እንዳይከፍት ከቻት ሴቲንግ ያጥፉት፤ አለዚያ ብሬቭን መጫንዎ ለቴሌግራም ሊንኮች ብዙም አይጠቅምዎትም።

ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ፋየርፎክስ የተባለው ብሮውዘር ይሻላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሊንኩን በቀኝ ሲጫኑ ያለ መከታተያ ኮፒ ማድረጊያ አለው። ክሊር ዩአርኤልስ (ClearURLs) የተባለውን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ቢጨምሩበት ደግሞ ብዙ ዓይነት ያጸዳል፤ አልፎ አልፎ ግን የሚያበላሸው ገጽ አይጠፋም፣ ያኔ ለጊዜው ማጥፋት ነው። አይፎን ያላቸው ከአይኦኤስ 17 ወዲህ በሜሴጅ፣ በሜይልና በሳፋሪ የግል መስኮት መከታተያውን በከፊል የሚያነሳ ጥበቃ ያገኛሉ፤ «ዩቲኤም»ን ግን አያነሳም።

ቲክቶክ አስቸጋሪ ነው። አጭሩ ሊንክ መከታተያውን ውስጡ ደብቆ ስለሚይዝ ከላይ የሚቆረጥ ነገር አይታይም። በብሮውዘር ከፍተው ረጅሙ አድራሻ ሲመጣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን አጥፍተው እሱን ይላኩ።

የይለፍ ቃል መቀየሪያና የምዝገባ ማረጋገጫ ሊንክ በኢሜይል ሲደርስዎ ግን ምንም አይቁረጡ፤ ያ ረጅም ኮድ ከሌለ ገጹ አይከፈትልዎትም።